ምጣዱ፣ ወንዙና ድርድሩ፦ የፖሊሲ ተንታኝ ሥራው ምንድን ነው?

ቅዳሜ ማለዳ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ተጉዛችሁ ታውቃላችሁ? በግራና በቀኝ ካሉት ቤቶች ጭስ ሲወጣ ታያላችሁ። እንጀራ እየተጋገረ ነው። በአንዱ ደጅ የባሕር ዛፍ እንጨት ተከምሯል፣ በሌላው ግድግዳ ላይ ኩበት ተለጥፎ ይደርቃል። ከጣሪያዎቹ በላይ ደግሞ የኤሌክትሪክ ሽቦ ተዘርግቶ ይሄዳል፤ ጭሱ ከሽቦው ሥር ይወጣል።

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ይህ ጭስ የማን ጉዳይ ነው?

የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ብትጠይቁ «የኃይል አቅርቦት ጉዳይ ነው» ይላችኋል። የአየር ንብረት ባለሙያ ብትጠይቁ «የደንና የሙቀት አማቂ ጋዝ ጉዳይ ነው» ይላል። ዲፕሎማት ብትጠይቁ ደግሞ ምናልባት ትንሽ አስቦ «ኤሌክትሪኩ የሚመነጨው ድንበር ተሻጋሪ ከሆነ ወንዝ ነው፤ ስለዚህ የእኔም ጉዳይ ነው» ይላችኋል። ሦስቱም ትክክል ናቸው። ችግሩ ሦስቱ በተለያየ ቢሮ መቀመጣቸው ነው፤ ሦስቱም የየራሳቸውን መዝገብ ብቻ ያያሉ።

ሦስቱን መዝገቦች አንድ ላይ ከፍቶ የሚያነብ ሰው አለ። የፖሊሲ ተንታኝ ይባላል። ዛሬ ስለዚህ ሰው ሥራ እናውራ። ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ አብራሪ ምን እንደሚሠራ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። «የፖሊሲ ተንታኝ መሆን እፈልጋለሁ» የሚል ልጅ ግን ብዙም አይገጥመንም። ሥራው ደግሞ ከምታስቡት በላይ ለምጣዳችሁ ቅርብ ነው።

ተንታኝ የሚከፈለው ለምንድን ነው?

ፖሊሲ ማለት መንግሥት «ይህን አደርጋለሁ፣ ያንን አላደርግም» ብሎ የሚመርጠው ምርጫ ነው። ገንዘቡም፣ ሰዉም፣ ጊዜውም ውስን ስለሆነ አንዱን መምረጥ ሌላውን መተው ነው። ተንታኝ አይወስንም። ውሳኔው የባለሥልጣኑ ነው። የተንታኙ ሥራ ከውሳኔው በፊት ሦስት ነገር ማቅረብ ነው፦ ያሉት አማራጮች ምንድን ናቸው? እያንዳንዱ አማራጭ ምን ያስከፍላል? የሚከፍለው ማን ነው፣ የሚጠቀመውስ?

ሦስተኛዋ ጥያቄ በጣም ከባድ ናት። ስለ መጀመሪያዎቹ ሁለት ማንም በደስታ ይነግራችኋል። ሦስተኛዋን ስትጠይቁ ግን የራሳችሁ ወገን ራሱ ፊቱን ሊያጠቁርባችሁ ይችላል። ጥሩ ተንታኝ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ዲፕሎማት የአገሩን አቋም ለሌላው ያስረዳል። ተንታኝ ደግሞ የአገሩ አቋም የት ላይ እንደሚደክም አስቀድሞ ለአገሩ ይነግራል።

አሁን በሦስቱ መዝገቦች እንለፍ።

የመጀመሪያው መዝገብ፦ ኃይል

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጣለ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ወደ 3.5 ኪሎዋት ይስባል። ታዲያ ግድቡ ስንት ምጣድ ያግላል?

ስሌቱ ቀላል ይመስላል። 5,150 ሜጋዋት ማለት 5,150,000 ኪሎዋት ነው። ለ3.5 ስናካፍለው ወደ 1.47 ሚሊዮን ምጣድ ይደርሳል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ተንታኝ ግን አያቆምም።

ግድብ ዓመቱን ሙሉ በሙሉ አቅሙ አይሠራም፤ የውሃው መጠን ይለዋወጣልና። ከሕዳሴ ግድብ በዓመት ይመነጫል ተብሎ የተቀመጠው ወደ 15,700 ጊጋዋት ሰዓት ነው። ይህንን በዓመት ውስጥ ላሉት 8,760 ሰዓታት ብታካፍሉት አማካዩ ወደ 1,790 ሜጋዋት ይሆናል። በዚህ ሒሳብ ያለማቋረጥ የሚግሉት ምጣዶች ከ1.47 ሚሊዮን ወደ 510 ሺህ ገደማ ይወርዳሉ።

ግን ቆይ! ምጣድ ሃያ አራት ሰዓት አይጣድም። አንድ ቤት በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ይጋግራል እንበል። በሳምንት 10.5፣ በዓመት 546 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ግድቡ በዓመት የሚያመነጨውን ለዚህ ስታካፍሉት ከ28 ሚሊዮን በላይ ቤት ይወጣችኋል! ማለትም ለእንጀራ መጋገሪያ ብቻ ቢውል ግድቡ ለአገሩ ሁሉ የሚበቃ ይመስላል።

አንድ ግድብ፣ አንድ ምጣድ፣ ሦስት መልስ፦ 1.47 ሚሊዮን፣ 510 ሺህ፣ 28 ሚሊዮን። የትኛው ነው ውሸት? የትኛውም አይደለም። እያንዳንዱ የሌላ ጥያቄ መልስ ነው። የመጀመሪያው «በአንድ ጊዜ ቢበዛ ስንት?» ነው። ሁለተኛው «ሁልጊዜ ሳይቋረጥ ስንት?» ነው። ሦስተኛው ደግሞ «በዓመት ተራ በተራ ስንት?» ነው። ሁለት ሚሊዮን ቤተሰብ ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ሰዓት ምጣዱን ቢሰካ ግን የ28 ሚሊዮኑ ስሌት ምንም አያድነንም፤ ግድቡ ብቻውን አይችለውም። በአደባባይ ንግግር አንድ ቁጥር ስትሰሙ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ይህ ቁጥር የየትኛው ጥያቄ መልስ ነው?» የሚለው ነው።

ነገሩ ሰፈራችሁ ሲደርስ ደግሞ ሌላ መልክ ይይዛል። በአንድ የገጠር ቀበሌ 50 ኪሎ ቮልት አምፒር የሆነ ትራንስፎርመር ተተከለ እንበል። ለአምፖል ሰፊ ነው፤ 200 ቤት እያንዳንዱ አራት አምፖል ቢያበራ እንኳ አያስጨንቀውም። ለምጣድ ግን? 50ን ለ3.5 ስናካፍል 14 ይመጣል። አሥራ አምስተኛዋ እናት ምጣዷን ስትሰካ ትራንስፎርመሩ ከአቅሙ በላይ ይሆንበታል። ስለዚህ ግድቡ ሞልቶም፣ ሽቦው በጣሪያው ላይ አልፎም፣ ጭሱ ሊቀጥል ይችላል። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ያየነው ነገር አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ሕዝብ ጭራሹኑ መብራት የለውም፤ ያለውም ቢሆን አብዛኛው ምግብ የሚያበስለው በእንጨት፣ በኩበትና በከሰል ነው።

ሁለተኛው መዝገብ፦ አየር ንብረት

ኢትዮጵያ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ በደቡብ አፍሪካ ደርባን በተካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤ ወቅት፣ «ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ» የተባለ ሰነድ ይፋ አደረገች። የሰነዱ ሐሳብ እንዲህ ነው፦ አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ 150 ሚሊዮን ቶን የሚሆን ሙቀት አማቂ ጋዝ ትለቅ ነበር። እንደ ቀድሞው ብትቀጥል በ2030 ወደ 400 ሚሊዮን ቶን ይደርሳል። እንግዲያው ኢኮኖሚው ያድግ፣ ልቀቱ ግን እዚያው 150 ላይ ይቆይ። ቅድሚያ ከተሰጣቸው አራት ጉዳዮች አንዱ ምን እንደሆነ ገምቱ። የገጠር ምድጃ ነው! አዎ፣ ከግድብ፣ ከደንና ከእንስሳት ሀብት ጎን ለጎን።

ለምን ምድጃ? በሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ ምጣድ አብዛኛውን ሙቀት ለንፋስ ይሰጣል። እሳቱን ዙሪያውን የሚከልል ምድጃ ግን ሙቀቱን ምጣዱ ሥር ያቆየዋል። «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ እዚሁ አገር በ1980ዎቹ ዓ.ም. ተሠርቶ የተስፋፋ ሲሆን፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። እንጨት መልቀሙና መሸከሙ የእናቶችና የልጃገረዶች ሥራ በሆነበት አገር፣ የተቆጠበው እንጨት የተቆጠበ ወገብና የተቆጠበ የትምህርት ሰዓት ነው።

ኩበቱም የራሱ ሒሳብ አለው። ኩበት ሲነድ ለማሳ ይሆን የነበረ ፍግ ነው የሚነደው። ፍግ ያጣ አፈር ይደክማል፣ ዝናብ ሲመታውም በቀላሉ ይታጠባል። የታጠበው አፈር የት እንደሚሄድ ኋላ እናያለን።

እዚህ ላይ ገንዘብ ይመጣል። አንድ የውጭ ድርጅት «ምድጃ ላከፋፍል፣ በየዓመቱ የሚቀረውን ካርቦን ግን በዓለም ገበያ ልሽጥ» ይላል። ጥሩ ነገር ይመስላል፤ ሊሆንም ይችላል። ተንታኝ ግን ቡሬ ገበያ ላይ ሊጠየቅ የሚችል ተራ ጥያቄ ይጠይቃል፦ የሚነደው እንጨት የምን እንጨት ነው? ከተፈጥሮ ደን ተቆርጦ ካልበቀለ፣ ያንን ማዳን እውነተኛ ቅነሳ ነው። ገበሬው ከጓሮው የቆረጠው ባሕር ዛፍ ከሆነ ግን ጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ካርቦኑንም መልሶ ይስባል። ሁለቱን እኩል ቆጥሮ መሸጥ ያልተቀነሰን ጋዝ እንደተቀነሰ አድርጎ መሸጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት፣ በዓለም ዙሪያ የመረመራቸው የምድጃ ፕሮጀክቶች በአማካይ ከእውነተኛው ቅነሳ ወደ ዘጠኝ እጥፍ የሚሆን ካርቦን ቆጥረው እንደነበር ገምቷል። ዘጠኝ እጥፍ! ሒሳቡ ሲጋለጥ ደግሞ ገዢው ይሸሻል፣ በሐቀኝነት የሠሩትም አብረው ይጎዳሉ።

ጉዳዩ ሁልጊዜ «እንጨት መቁረጥ መጥፎ ነው» በሚል እንደማይቋጭ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከቡሬ አለፍ ብላችሁ ወደ አዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ብትገቡ፣ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚሉትን የግራር ዘር በማሳቸው ይተክላሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቆርጠው ከሰል ያከስሉታል፣ መሬቱን መልሰው እህል ይዘሩበታል። ከሰል ነው፤ ግን ተተክሎ የተቆረጠ ከሰል ነው። ገቢው የብዙ ቤተሰብ ኑሮ ቀይሯል፣ አካባቢውም በዛፍ ተሸፍኗል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ዛፉን የሚያደርቅ በሽታ ገብቶ ገበሬውን አሳስቦታል። እዚህ ቦታ ላይ «ከሰል ይከልከል» የሚል ደብዳቤ ከአዲስ አበባ ቢመጣ ማንን ይጎዳል? ሦስተኛዋን ጥያቄ አትርሷት።

ሦስተኛው መዝገብ፦ ውጭ ጉዳይ

አሁን ውሃውን እንከተል። ምዕራብ ጎጃም ውስጥ፣ ሰከላ ወረዳ፣ ግሽ ዓባይ የሚባል ምንጭ አለ። ጸበሉን የሚፈልግ ምእመን ከየቦታው ይመጣል። ከዚያ የሚነሳው ግልገል ዓባይ ወደ ሰሜን ወርዶ ጣና ሐይቅ ይገባል። የጣና ውሃ ከፊሉ በዋሻ ተጠልፎ 460 ሜጋዋት የሚያመነጨውን የበለስ ጣቢያ ያዞራል፤ ከዚያ በበለስ ወንዝ አድርጎ ወደ ዓባይ ይመለስና የሕዳሴውን ግድብ ያገኛል። ከሰከላ የተነሳች አንዲት ጠብታ ድንበር ሳትሻገር ሁለት ጊዜ ተርባይን ልታዞር ትችላለች ማለት ነው። የፍኖተ ሰላሙ ላህና ብር፣ የቡሬው ፈጠምም ወደ ዓባይ ነው የሚወርዱት፤ እነሱ በጣና ሳይዞሩ ቀጥታ ወደ በረሃው ይወርዳሉ።

ወንዙ ድንበር ሲሻገር ግን ሌላ ሰነድ ይጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1959 ግብፅና ሱዳን የናይልን ውሃ ተከፋፈሉ፦ ለግብፅ 55.5 ቢሊዮን፣ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በዓመት። አስዋን ከሚደርሰው ውሃ ከአምስት እጅ አራት እጅ በላይ የሚሆነው የሚነሳው ከኢትዮጵያ ነው፤ በስምምነቱ ላይ ግን ኢትዮጵያ አልነበረችም። በግንቦት 2002 ዓ.ም. የላይኛው ተፋሰስ አገራት በኡጋንዳ ኢንቴቤ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት መፈረም ጀመሩ። የበለስ ጣቢያ የተመረቀውም በዚያው ወር ነበር። ስምምነቱ በሥራ ላይ የዋለው ደቡብ ሱዳን ስድስተኛ አጽዳቂ ከሆነች በኋላ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ከፊርማ እስከ ሥራ አሥራ አራት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ። በዚህ ሙያ ትዕግሥት የግድ ነው።

በመካከሉ፣ መጋቢት 14 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ፣ የሱዳንና የግብፅ መሪዎች ካርቱም ላይ ስለ ሕዳሴ ግድብ አሥር ነጥብ ያለው የመርህ መግለጫ ፈረሙ። ሁለት ሐሳቦች ጎልተው ይታያሉ፦ «ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀም» እና «ጉልህ ጉዳት አለማድረስ»። ቃላቱ የሚያምሩ ናቸው። ግን «ጉልህ» ማለት ስንት ነው? የተንታኙ ሌሊት የሚያልፈው በዚህች ቃል ላይ ነው።

ቁጥሮቹን እንያቸው። የግድቡ ሐይቅ፣ ንጋት ሐይቅ፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል። ዓባይ በድንበሩ አካባቢ በአማካይ በዓመት ወደ 49 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያሳልፋል። ሐይቁ የአንድ ዓመት ተኩል ፍሰት ያህል ነው። ለዚህ ነው ከ2012 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በየዓመቱ በደረጃ የተሞላው። ውሃ ተርባይን አዙሮ ይሄዳል እንጂ ግድቡ አይጠጣውም፤ ይህ የኢትዮጵያ ጠንካራ ክርክር ነው። ሐቀኛ ተንታኝ ግን ለወገኑ ሌላውንም ይነግራል፦ ከሐይቁ ላይ የሚተን ውሃ አለ። ዝናብ ለተከታታይ ዓመታት ቢጠፋ ስንት ይለቀቃል የሚለው ጥያቄም ለታችኛው አገር የሕይወት ጥያቄ ነው። ድርድሩን ለዓመታት ያስቸገረው አንዱ ትልቅ ጉዳይ ይኸው የድርቅ ጥያቄ ነበር።

አሁን ቅድም የተውነውን አፈር እናንሳ። ከጎጃም ማሳ የታጠበው አፈር በላህና በፈጠም ወርዶ ዓባይ ይገባል። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1966 የጨረሰችው የሮዛሪስ ግድብ በዚህ ዓይነት ደለል ብዙ አቅሙን አጥቷል። ዛሬ ደለሉን ቀድሞ የሚቀበለው የእኛው ግድብ ነው። ስለዚህ በደምበጫ ወይም በቡሬ አንድ ገበሬ እርከን ሲሠራና ፍጉን ለማሳው ሲያውል፣ የራሱን አፈርና የግድቡን ዕድሜ አብሮ ይጠብቃል። ኩበት የውጭ ጉዳይ ነው ብላችሁ ታውቁ ነበር?

ሦስቱ መዝገቦች ሲጋጩ

ኢትዮጵያ ለጅቡቲ፣ ለሱዳንና ለኬንያ ኤሌክትሪክ ትሸጣለች። ለኬንያ መሸጥ የጀመረችው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በሚጓዝ መስመር፣ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 200 ሜጋዋት እንዲሆን ተስማምተው። ከዚህ ሌላ የቢትኮይን ኩባንያዎችም ኃይል በዶላር ይገዛሉ።

«እኛ በጭስ እያለቀስን ኤሌክትሪካችን ለኬንያ ይሸጣል?» የሚል ሰው ቡሬ ላይ ብትሰሙ አትናቁት። ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱ ግን ያልጠበቃችሁት ሊሆን ይችላል።

200 ሜጋዋት ለ57 ሺህ ምጣድ ይበቃል። ሽያጩን ብናቆም እነዚህ ምጣዶች ይግላሉ? የቀበሌውን ትራንስፎርመር አስታውሱ። ማነቆው ግድቡ ጋ ሳይሆን ሰፈሩ ጋ ነው፤ ምሰሶው፣ ሽቦው፣ ትራንስፎርመሩ፣ ምጣዱ ራሱ። እነዚህን ለመግዛት ደግሞ ዶላር ያስፈልጋል። ዶላሩ ከሽያጩ ይመጣል። እንግዲያው «ሽያጩ ይቁም» ከማለት «ከሽያጩ ገቢ ስንቱ ለገጠር መስመር ይውላል? የት ተጽፏል? ማን ይቆጣጠራል?» ማለት ይበልጣል። የቡሬው የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክም የማይቆራረጥ ኃይል ይፈልጋል፤ ፋብሪካና ምጣድ በአንድ መስመር ላይ ሲሻሙ ማን ይቀድማል? ይህንን ማንም በግልጽ ካልወሰነው፣ መብራቱ ራሱ በመጥፋት ይወስነዋል።

ተንታኙ ይህን ሁሉ ጽፎ ለባለሥልጣኑ የሚያቀርበው በሁለት ገጽ ነው። አንዳንዴም በአንድ። ስድስት ወር የለፋበት ጥናት አንድ ገጽ ይሆናል፤ ምክሩም ላይወሰድ ይችላል። ይህንን አሁኑኑ ብነግራችሁ ይሻላል፤ ምክንያቱም ብዙ ጎበዝ ልጅ ሙያውን የሚተወው ይህንን ሲያይ ነው። የቆዩት ግን የዛሬው ማስታወሻ ከአምስት ዓመት በኋላ ከመሳቢያ ሲወጣ አይተዋል።

ይህን መንገድ የሄዱ ሰዎች

ዶ/ር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር በ1932 ዓ.ም. አድዋ አካባቢ ተወለዱ። የዕፅዋት ሳይንቲስት ነበሩ። ስለ ዘርና ስለ ገበሬ ያላቸውን ዕውቀት ይዘው ድርድር ክፍል ገቡ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ለጸደቀው የካርታኼና የሥነ ሕይወት ደኅንነት ፕሮቶኮል በታዳጊ አገራት ወገን ከመሩት ዋና ተደራዳሪዎች አንዱ ሆኑ። በዚያው ዓመት ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. አርፈዋል። ሳይንስ ሳያውቁ የተደራደሩ አልነበሩም፤ ድርድር ሸሽተው ላቦራቶሪ የተቀመጡም አልነበሩም።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ያዕቆብ አርሳኖ ደግሞ በፖለቲካ ሳይንስ በኩል ነው የመጡት። የናይልን የውሃ ፖለቲካ ለዓመታት አጥንተው መጽሐፍ ጽፈዋል፣ አስተምረዋል። ገብሩ ጀምበር እንዳለው እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 በአየር ንብረት ድርድር የ47 እጅግ ያላደጉ አገራትን ቡድን በሊቀ መንበርነት መርተዋል፤ የፓሪስ ስምምነት የአፈጻጸም ደንብ ፖላንድ ካቶቪትሰ ላይ የተቋጨው በዚያ ጊዜ ነው። ቀጣዩ ዕድል ሩቅ አይደለም፦ እ.ኤ.አ. በ2027 ሠላሳ ሁለተኛውን የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ የምታስተናግደው አዲስ አበባ ናት።

እነዚህ ሦስት ሰዎች በተለያየ በር ነው የገቡት። ስለዚህ «ምን ላጥና?» ብላችሁ አትጨነቁ። ምህንድስናም፣ ምጣኔ ሀብትም፣ ጂኦግራፊም፣ ሕግም፣ ግብርናም ይሆናል። አንዱን በደንብ እወቁ፤ ከዚያ የሌሎቹን ቋንቋ መስማት ተማሩ። ሒሳብ አትፍሩ፤ እስካሁን የሠራነው ሁሉ ማባዛትና ማካፈል ነው። አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም አጥርታችሁ ጻፉ።

አውቃለሁ፣ «መቼ ተማርንና?» የምትሉ አላችሁ። በክልሉ ባለፉት ዓመታት በነበረው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ከእናንተ መካከል ዓመት ሁለት ዓመት የባከነበት አለ። ያንን የሚያካክስ ምክር የለኝም። ፍኖተ ሰላም በግዕዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው፤ ስሙ እንዲሞላ እንመኛለን። ነገር ግን የተንታኝነት የመጀመሪያው ልምምድ ክፍልም ኢንተርኔትም አይፈልግም። እንዲህ ነው፦

ለአንድ ሳምንት ቤታችሁ የሚነደውን እንጨት ከመንደዱ በፊት መዝኑ። የእህል ሚዛን ከጎረቤት ተዋሱ። በደብተር ላይ ቀኑን፣ ክብደቱን፣ እንጨቱ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደተሸከመው፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀበት ጻፉ። የተገዛ ከሆነ ዋጋውንም ጻፉ። በሳምንቱ መጨረሻ ደምሩት፣ በ52 አባዙት። ከዚያ እናታችሁን ወይም እህታችሁን «ይህ እንጨት በግማሽ ቢቀንስ በተረፈው ጊዜ ምን ትሠሪ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁና መልሷን እንዳለ ጻፉት፤ አታሳምሩት።

ያቺ ገጽ ኃይልም፣ አየር ንብረትም፣ ሰውም ያለባት የመጀመሪያ ማስታወሻችሁ ናት። አዲስ አበባ ያለው ቢሮ የአገሩን አማካይ ያውቃል፤ የእናንተን ቤት ቁጥር ግን ከእናንተ በቀር የጻፈው የለም።